በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አላጣም

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ይላል የአገሬ ሰው። ይህን ተረት ያወጣው ሰው የኖረው መድኃኒት ከአዋቂ እጅ ብቻ በሚገኝበት ዘመን መሆን አለበት። አዋቂው ዘንድ ቀርበው፣ «እዚህ ጋ ያመኛል» ብለው፣ ልብስ ገልጠው ካላሳዩ ሥሩም ቅጠሉም አይገኝም ነበር። ስለዚህ ተረቱ በዘመኑ እውነት ነበረው። ዛሬ ግን፣ በተለይ በአንድ በሽታ ረገድ፣ ፈጽሞ ሐሰት ሆኗል። በሽታውን የደበቀ ሰው ዛሬ መድኃኒት በሽበሽ ነው። እንዲያውም ካልደበቀው ሰው ቀድሞ ያገኛል፤ ሰልፍ የለበትም፣ ካርድ አያወጣም፣ ስሙን አይጠየቅም። ያጣው ሌላ ነገር ነው።

በሽታው ጨብጥ ይባላል። ይህ ቃል በጋዜጣ ዓምድ ላይ በግላጭ ተጽፎ ሲያይ ፊቱን የሚያኮሳትር አንባቢ እንደማይጠፋ አውቃለሁ፤ ጥቂት ይታገሠኝ። የዛሬው ጨዋታችን ከበሽታው እኩል ይኸው ፊት ማኮሳተር ነውና።

ሥነ ጽሑፍ ሳስተምር የኖርኩ ሰው ስለሆንኩ ቃል መመርመር ልማዴ ነው። አማርኛችን ለዚህ ቤተሰብ በሽታዎች ስም አላነሰውም። ቂጥኝ አለ፣ ጨብጥ አለ፣ ከርክር አለ፣ ባምቡሌ አለ። የድሮ ሰው አንዱ እንደሚያቆስል፣ ሌላው እንደሚመግል፣ ሌላው ንፍፊት እንደሚያሳብጥ አይቶ ለይቶ ጠርቷቸዋል። በኋላ ቢሮው መጣና ሁሉንም አንድ ጆንያ ውስጥ ከተታቸው፤ «የአባላዘር በሽታዎች» አላቸው። አባለ ዘር ማለት የዘር አካል ማለት ነው፤ ግዕዝ ለብሶ፣ ነጠላውን አጣፍቶ የመጣ ቃል ነው። ጨዋነቱን አልጠላሁትም። ችግሩ ይህን ቃል ታሞ የሚናገረው ሰው አለመኖሩ ነው። «የአባላዘር በሽታ ይዞኛል» ብሎ ለጓደኛው የሚያወራ ሰው ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? ቃሉ ግድግዳ ላይ ተለጥፎ ይኖራል እንጂ ከሰው አፍ አይወጣም። ጨብጥ የሚለው ደግሞ ከሰው አፍ ይወጣል፤ ግን ወይ ለስድብ ወይ ለቀልድ። አንድ ወጣት ሐኪም ፊት ቆሞ ሳይዋረድና ሳያስቅ ሊናገረው የሚችል ቃል በመካከሉ የለንም።

ሰዋስዉንም እንየው። ወንዱ ሲናገር «ከሴት ያዘኝ» ይላል። በዚህች አጭር ዓረፍተ ነገር ውስጥ ሴቲቱ ምንጭ ናት፤ እሱ መንገድ ላይ ዝናብ የመታው ሰው ነው። ሚስት «ከባሌ ያዘኝ» ስትል ግን እኔ በበኩሌ አልሰማሁም። አንዳንዱ ደግሞ ከነአካቴው ሰው የሌለበት ምክንያት ያበጃል፤ ፀሐይ ፊት ሸንቼ ነው፣ ውሻ የሸናበት ላይ ሸንቼ ነው፣ የጋለ ድንጋይ ላይ ተቀምጬ ነው። እነዚህን አባባሎች የጤና ባለሙያዎች «የተሳሳተ ግንዛቤ» ይሏቸዋል። እኔ እንደ አላዋቂነት ብቻ አላያቸውም፤ ከድርሰት አንጻር ጥሩ ፈጠራዎች ናቸው። ባልም ሚስትም ጎረቤትም ሳይከሰስ በሽታው ቤት ውስጥ እንዲኖር ያደርጋሉ። የተጎዳው ውሻው ብቻ ነው።

የልቦለዶቻችንም ነገር ያው ነው። ያነበብኳቸውን ሳስብ ቡና ቤት የምትሠራዋን ሴት በብዛት አገኛታለሁ፤ ደራሲዎቻችን አዝነውላታል፣ አንዳንዴም አብዝተው አስለቅሰዋታል። ልጅ ያጣችዋን ሚስትም አገኛታለሁ፤ ስለት ስትሳል፣ አማቷ ስትነዘንዛት። በሁለቱ ሴቶች መካከል የሚመላለሰውን፣ ከአንዷ ያመጣውን ለሌላዋ የሚያደርሰውን ሰውዬ ግን በደንብ የሣለልኝ ደራሲ አላጋጠመኝም። ከቡና ቤቱ ወጥቶ ቤቱ እስኪገባ ድረስ ገጸ ባሕርይው መንገድ ላይ ይጠፋብናል።

መንገዱን እስቲ አንድ አገር ላይ እንከተለው። ወደ ሰቆጣ ልውሰዳችሁ።

ሰቆጣ አሁን በመንግሥት ቢሮዎች ውስጥ የከተማ ስም ብቻ አይደለችም። እ.ኤ.አ. በ2015 መንግሥት ከሁለት ዓመት በታች ባሉ ሕፃናት ላይ የሚታየውን መቀንጨር እስከ 2030 ለማጥፋት የገባው ቃል «የሰቆጣ ቃልኪዳን» ተብሎ በስሟ ተጠርቷል። በስብሰባ ላይ «ሰቆጣ» ሲባል ብዙው ሰው የሚታየው ገንፎና የሕፃን ክንድ መለኪያ ነው። ቃልኪዳኑ ከፅንስ ጀምሮ ያሉትን 1000 ቀናት ይቆጥራል። መልካም ነው፤ አልተቃወምኩም። እኔ የማነሣው ግን ያንን ቆጠራ መጀመር ያቃታትን ሴት ነው።

ዋግ ኽምራ መሬቱ የተጎዳ፣ ዝናቡ የሚያታልል አገር ነው። ማሳው ቤተሰቡን የማይቀልብለት ወጣት ለዘመናት ጨርቄን ማቄን ሳይል ወደ መተማና ሁመራ የሰሊጥ እርሻ ሲወርድ ኖሯል። እዚያ በሺህ የሚቆጠር ወንድ የመጀመሪያ ገንዘቡን ኪሱ ከትቶ ከዘመድ ዓይን ርቆ ያድራል። በዚያ ሁኔታ ምን እንደሚሆን ለመገመት ነቢይ መሆን አያስፈልግም። አረሙ ያልቃል፣ አጨዳው ኅዳር ላይ ይገባደዳል፣ ልጁም ወደ ደጋው ይመለሳል። የነቢያት ጾም ይገባል፤ በጾም ሠርግ የለም። ገና ሲፈሰክ ጥር ይመጣል፤ ጥር የሠርግ ወር ነው።

አሁን የባክቴሪያውን የቀን መቁጠሪያ ከዚህ ጋር አስተያዩት። ጨብጥ አብዛኛውን ጊዜ ወንዱን በያዘው ከሁለት እስከ አምስት ቀን ውስጥ ሽንት ሲሸና ያቃጥለዋል፣ መግል ያወጣል። ካልታከመ ሕመሙ በሳምንታት ወይም በወራት በራሱ ይበርዳል። መብረዱ መዳን አይደለም፤ ባክቴሪያው ውስጥ ሆኖ ወደ ሌላ ሰው መተላለፉን ሊቀጥል ይችላል። ኅዳር ላይ ያቃጠለው ልጅ ጥር ላይ «ተወኝ» ብሎ ይሞሸራል። ሙሽራዪቱስ? ከሚያዙት ሴቶች ግማሽ ያህሉ ወይም ከዚያም የሚበልጡት ምንም ምልክት አያዩም። አያቃጥላትም፣ አያማትም። ባክቴሪያው ግን ሽቅብ ይወጣል፤ የማህፀን ቱቦዎቿን ያቆስላል፣ ቁስሉ ሲድን ጠባሳ ይተዋል፣ ጠባሳው ቱቦውን ይዘጋል። ብታረግዝ እንኳ ፅንሱ ቱቦው ውስጥ ቀርቶ ሕይወቷን ሊያሳጣት ይችላል፤ ወልዳም ከሆነ በሽታው ከማህፀን ሲወጣ የሕፃኑን ዓይን ሊያጠፋው ይችላል። አዲስ የተወለደ ልጅ ዓይን ላይ ቅባት የሚቀባው አንዱ ምክንያት ይኸው ነው፤ ቅባቱን የሚያዩት እናቶች ስንቶቹ ለምን እንደሆነ ተነግሯቸው ይሆን?

ሁለት ዓመት ያልፋል፣ ሦስት ዓመት ያልፋል። አማት መጀመሪያ በዘወርዋራ፣ በኋላ ፊት ለፊት ትጠይቃለች። ፀበል ይኬዳል፤ የምትጠመቀው እሷ ናት። «መካን» የሚለው ቃል ቤት ውስጥ ይገባል፤ እሱ ላይ ግን አይወድቅም። የዓለም የጤና ድርጅት በ1980ዎቹ ባሳተመው ሰፊ ጥናት ከሰሐራ በታች ባሉ አገሮች ለሴቶች ልጅ ማጣት ዋናው መነሻ ከኢንፌክሽን በኋላ የሚዘጋ ቱቦ ሆኖ ተገኝቷል። እንዲህ ዓይነቱ ነገር ግን የሽማግሌ ጉባኤ ላይ ማስረጃ ሆኖ አይቀርብም። ሴቲቱ ትፈታለች፣ ወደ አባቷ ቤት ትመለሳለች፣ አባቷ ቤትም ብዙ አትቆይም። ከዚያ ወደ ከተማ፤ ከተማ ውስጥ ፊደል ያልቆጠረች፣ ዘመድ የሌላት ሴት ምን ሥራ ታገኛለች? ደራሲዎቻችን በሁለት መጽሐፍ የጻፏቸው ሁለቱ ሴቶች፣ ልጅ ያጣችው ሚስትና የቡና ቤቷ ሴት፣ አንዳንድ ጊዜ አንዲት ሴት ናቸው።

«ታዲያ ልጁ ኅዳር ላይ ለምን አልታከመም?» ትሉኝ ይሆናል። ጥያቄው ተገቢ ነው። እ.ኤ.አ. በ2003 የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን በየቀበሌው ሁለት ሁለት ወጣት ሴቶችን መድቧል፤ የአገሪቱን ጤና ካሻሻሉት ሥራዎች ዋነኛው ነው ብዬ አምናለሁ። ግን ዝቋላ ወይም ሳህላ ውስጥ ያለች የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ የአክስቱ ልጅ ናት፣ ወይም የሚዜው እህት ናት፣ ወይም ሳትመደብ በፊት ሊያጫት ያሰባት ልጅ ናት። ለሷ «መግል ይወጣኛል» ይበላት? የግድግዳው ፖስተር የተጻፈው በአማርኛ ነው፤ ብዙው የዋግ ሰው የሚጣላውም የሚታረቀውም በኽምጣና ነው። ልጁ ስለዚህ ወደ ከተማ ይወጣል፤ ጤና ጣቢያውን አልፎ መድኃኒት ቤት ይገባል። ከዚያ በኋላ ያለውን ትዕይንት መድኃኒት ቤት የሠራ ሁሉ በቃሉ ያውቀዋል።

«ዶክተር፣ ለጓደኛዬ ነበር።»

«ጓደኛህን ምን ያመዋል?»

«ሲሸና ያቃጥለዋል።»

ሰውዬው ዶክተር አይደለም፤ እኛ አገር ነጭ ጋውን የለበሰ ሁሉ ዶክተር ነው። ከቆመበት ሳይነቃነቅ ከመደርደሪያው ያወርዳል። ጸረ ባክቴሪያ ያለ ማዘዣ መሸጥ በሕግ የተከለከለ ነው፤ ሕጉ ግን «ለጓደኛዬ ነበር» የሚለውን ልጅ አያይ ይመስላል። ባንኮኒው ላይ ሴት ቆማ ከሆነ ደግሞ ልጁ «ሲስተር፣ የራስ ምታት ክኒን» ብሎ ይወጣና ሌላ መድኃኒት ቤት ይፈልጋል። ያገኘውን ክኒን ማቃጠሉ እስኪተወው ይውጣል፤ የተረፈውን ለክፉ ቀን በጨርቅ ቋጥሮ ያስቀምጣል። በሌላ ጊዜ ጓደኛው በእውነት ሲታመም ከቋጠሮው ፈትቶ ይሰጠዋል። ያኔ «ለጓደኛዬ ነበር» ያለው እውነት ይሆናል።

እዚህ ላይ ሌላ የቋንቋ ጣጣ ይመጣል። ክኒኑ አልሠራ ሲል ሰው «ሰውነቴ ለመደው» ይላል። ይህ አባባል በመላ አገሪቱ የተለመደ ነው፤ የተማረውም ይለዋል። የቢሮው አማርኛ ደግሞ «የፀረ ተሕዋስያን መድኃኒቶች መላመድ» ይላል፤ ማን ከማን ጋር እንደተላመደ ከሐረጉ አይገኝም። ባለቤት የሌለው ዓረፍተ ነገር ጥፋተኛ የለውም ብዬ ተማሪዎቼን አሰለች ነበር። መድኃኒቱን የለመደው የታማሚው ሰውነት አይደለም፤ ጀርሙ ነው። ልዩነቱ ትልቅ ነው። ሰውነቴ ከሆነ የለመደው ጉዳዩ የኔ ብቻ ነው፤ መድኃኒት ብቀይር ይበቃል። ጀርሙ ከሆነ ግን የለመደውን ይዞ ወደ ሚስቴ ይሄዳል፣ ከሚስቴም ይሻገራል፤ ክኒን በዕድሜዋ ያልዋጠች ሴት መድኃኒት የማይነካው ጨብጥ ሊይዛት ይችላል።

ጀርሙ የሚለምድበት መንገድ ደግሞ ለብልጠቱ ያስገርማል። የጨብጥ ባክቴሪያ ዘመዶች አሉት፤ በሰው ጉሮሮ ውስጥ ማንንም ሳይጎዱ የሚኖሩ። እኛ ለጉንፋኑም ለቁርጥማቱም ጸረ ባክቴሪያ በዋጥን ቁጥር እነዚህ ዘመዶች መቋቋምን ይማራሉ። ጨብጥ ጉሮሮ ሲገባ፣ እዚያም ሲገባ ብዙውን ጊዜ ምልክት አያሳይም፣ የአገራችን ሴት ከጎረቤት እሳት እንደምትጭረው ከዘመዶቹ የመቋቋሚያውን ዘር ጭሮ ይወጣል። በዚህ መንገድ መድኃኒቶችን አንድ በአንድ ሲጥል ኖሯል። በ1930ዎቹ መጨረሻ ሰልፋ መጣ፤ በ1940ዎቹ አጋማሽ ከሸፈ። በ1943 ፔኒሲሊን መጣ። መጀመሪያ 200 ሺህ ዩኒት እንኳ የማይሞላ መጠን ያድን ነበር፤ በ1970ዎቹ መጀመሪያ አሜሪካኖች 4.8 ሚሊዮን ዩኒት መውጋት ግድ ሆነባቸው። በ1976 ፔኒሲሊንን የሚያፈርስ ኤንዛይም ይዞ ብቅ አለ፤ ነገሩ አለቀ። ቴትራሳይክሊን ተከተለ፣ ሲፕሮፍሎክሳሲን ተከተለ። (እነዚህ ዓመተ ምሕረቶች ሁሉ የፈረንጅ ናቸው፤ ጀርሙ የኛን አቆጣጠር ቢጠቀም ኖሮ ምናልባት ሰባት ስምንት ዓመት በዘገየልን።)

እኛ ጋ የሆነውም ከዚህ አይለይም። በጎንደር ላቦራቶሪ ተዘርተው የታዩ የጨብጥ ናሙናዎች አብዛኞቹ ለፔኒሲሊንና ለቴትራሳይክሊን የማይበገሩ ሆነው ተገኝተዋል። በ2006 የወጣው የአገሪቱ የሕክምና መመሪያ ሲፕሮፍሎክሳሲንን ከፊት አስቀምጦ ነበር፤ የ2015ቱ እሱን ትቶ የሴፍትሪያክሶን መርፌን ከአዚትሮማይሲን ክኒን ጋር አዘዘ። መመሪያው ተቀየረ፤ የመድኃኒት ቤቱ መደርደሪያ ግን መመሪያ አያነብም። በጨርቅ የተቋጠረው ክኒንም አያነብም።

ላቦራቶሪ ስል ደግሞ አንድ ነገር ልብ በሉ። የጨብጥ ባክቴሪያ ሰው ውስጥ ጉልበተኛ ሲሆን ከሰው ውጭ ሲወጣ እንደ ቅምጥል ልጅ ነው፤ ይበርደዋል፣ ይደርቃል፣ ቶሎ ይሞታል። ለማብቀል ደም የገባበትና በሙቀት የቡናማ ቀለም የያዘ ምግብ፣ ተጨማሪ ካርቦን ዳይኦክሳይድም ይፈልጋል። ከተከዜ ሸለቆ በእግር፣ በበቅሎና በመኪና የሚጓዝ ናሙና በሕይወት አይደርስም። ስለዚህ ጤና ጣቢያዎቻችን የሚሠሩት በምልክት ነው፤ ፈሳሽ ያለው ወንድ ከመጣ ለጨብጥም ለክላሚዲያም አንድ ላይ ይታከማል፣ ምርመራ ሳይጠበቅ። ይህን አሠራር ማጣጣል አልፈልግም። ታንዛኒያ ውስጥ ሙዋንዛ በተባለ አካባቢ ተሞክሮ በ1995 በታተመው ውጤት አዲስ የኤችአይቪ መያዝን 40 በመቶ ገደማ ቀንሷል፤ ብዙ ሕይወት አትርፏል። ጉድለቱ ሁለት ነው። ምልክት የሌላትን ሴት አያያትም፤ መድኃኒቱ መሥራት ማቆሙንም አይነግረንም። ቋንቋችን በሽታዎቹን ሁሉ «አባላዘር» ብሎ ጆንያ ውስጥ እንደከተተ፣ ሕክምናችንም «ፈሳሽ» ብሎ አንድ ላይ ቋጥሯቸዋል።

ኤችአይቪ ያገኘውን ነገር ጨብጥ አላገኘም። በ1990ዎቹ ዓ.ም. ኤችአይቪ ክበብ ነበረው፣ ዘፈን ነበረው፣ «የቀን ቅኝት»ን የመሰለ ሰው ሥራውን ትቶ የሚያዳምጠው የሬዲዮ ድራማ ነበረው። በዚያ ድምፅ ውስጥ ጨብጥ እንደ ቀላል ነገር፣ «በአንድ መርፌ የሚለቅ» ሆኖ ቀረ። እንዲያውም የወንድነት ማኅተም አድርገው የሚያወሩት ነበሩ። ገዳዩን ያሸነፈ ትውልድ ትንሹን ይንቃል። በዓለም የጤና ድርጅት ግምት ግን በ2020 ብቻ ትንሹ 82 ሚሊዮን ጎልማሶችን ይዟል።

ዋግ ላይ ደግሞ ጦርነት መጣበት። በ2013 ዓ.ም. ማብቂያና በ2014 ዓ.ም. ጤና ኬላዎችና ጤና ጣቢያዎች ተዘረፉ፤ የአበርገሌና የጻግብጂ ሰው ተፈናቅሎ በሰቆጣ ዙሪያ መጠለያ ገባ። አምነስቲ ኢንተርናሽናል በኅዳር 2014 ዓ.ም. ባወጣው ዘገባ ደቡብ ጎንደር ነፋስ መውጫ ላይ የጥቃት ሰለባ የሆኑ 16 ሴቶችን ቃል መዝግቧል፤ ግፉ በትግራይም በአፋርም ተመዝግቧል። ለተደፈረች ሴት በቀናት ውስጥ መሰጠት ከሚገባው ሕክምና አንዱ የጨብጥ መድኃኒት ነው። መድኃኒቱ ተዘርፎ፣ መንገዱ ተዘግቶ በነበረበት ጊዜ ይህን ማን ሰጣት? «ከሴት ያዘኝ» የሚለውን ሰዋስው እዚህ ላይ ሳስበው ያቅለሸልሸኛል። እነዚህ ሴቶች ከዓመታት በኋላ ልጅ አጥተው ፀበል ቢሄዱ፣ የሚጠየቁት ያንኑ የድሮ ጥያቄ ነው።

አሁን በእጃችን የቀረው ዋና መሣሪያ ሴፍትሪያክሶን ነው። እሱም ቢሆን ጃፓን ውስጥ በ2009 ከተወሰደ ናሙና የተገኘ ጨብጥ ተቋቁሞታል፤ በ2018 እንግሊዝ ውስጥ ከአዚትሮማይሲን ጋር ሁለቱንም የተቋቋመ ታይቷል። እኛ በዚህ መርፌ ምን እያደረግን ነው? ሆስፒታል አስታሞ የሚያውቅ ሰው ሁሉ ስሙን በቃሉ ይዞታል። ለሳንባውም፣ ለሆዱም፣ «እስኪታወቅ ድረስ» ለሚባለው ትኩሳትም የሚወጋው እሱ ነው። የመጨረሻውን ጥይት ቆቅ ላይ መተኮስ ማለት ይኸ ነው። ዞሊፍሎዳሲን የተባለ አዲስ መድኃኒት ደቡብ አፍሪካና ታይላንድን ጨምሮ በአምስት አገሮች ተሞክሮ በ2023 ጥሩ ውጤት ተሰምቶለታል፤ ይበል ያሰኛል። ግን አዲሱ ክኒን ሰቆጣ ሲደርስ «ለጓደኛዬ ነበር» የሚለው ልጅ ባንኮኒው ጋ ቆሞ ከጠበቀው፣ ስንት ዓመት ይቆይልናል?

የሕክምና መመሪያችን አንድ ደግ ሐሳብ አለው፤ የታከመ ወንድ ለሚስቱ ወይም ለወዳጁ እንድትታከም የምትጠራበት ካርድ ይሰጠዋል። ይህ ካርድ በባል እጅ ሚስቱ ዘንድ ይደርሳል ብሎ ያሰበው ባለሙያ ያላገባ መሆን አለበት። እኔ ብጠየቅ ካርዱን ትቼ መናኸሪያ እሄዳለሁ። ኅዳር ላይ ከመተማ የሚመለሱት መኪኖች የሚቆሙበት ቦታ ይታወቃል። እዚያ ወንድ ነርስ ይቁም፤ አማርኛም ኽምጣናም የሚችል፣ ያገሩ ልጅ ያልሆነ። በሽታውን በስሙ ይጥራው፣ ሳይሳደብና ሳያሾፍ። «ያቃጠለው፣ አቃጥሎት የተወው፣ ክኒን ውጦ የተረፈው ካለ ይምጣ» ይበል፤ የተቋጠረውንም ክኒን ይሰብስብ። በብዙ ሆስፒታሎቻችን ለሳንባ ነቀርሳ የገባው የጂን ኤክስፐርት ማሽን ካርትሪጁ ከቀረበለት ጨብጥንም በሁለት ሰዓት ውስጥ ይለያል። ከጥር በፊት፣ ጾሙ ሳይፈታ፣ ሙሽሮቹ ሁለቱም ሽንታቸውን ሰጥተው ውጤታቸውን ያውቃሉ። ለኤችአይቪ «ከሠርግ በፊት ምርመራ» ተብሎ ይህ ሁሉ ተደርጎ ነበር፤ የንስሐ አባቶችም አግዘውበት ነበር። መንገዱ አለ፤ ሣር ነው የበቀለበት።